የጀበና ሞኝነት ሲወደስ

ከውጭ አገር በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ፣ ከሽቶውና ከጫማው ጎን፣ የካፕሱል ቡና ማሽን መታየት ጀምሯል። ማሽኑ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ የክብር ቦታ ይሰጠዋል። ካፕሱሏ ትገባለች፣ ቁልፉ ይጫናል፣ ደቂቃ ሳይሞላ አረፋ የለበሰ ቡና ይወርዳል። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የታወቀ ነው፦ ይህ እያለ ለአንድ ስኒ ቡና ሁለት ሰዓት እሳት ላይ ማጎንበስ ሞኝነት አይደለም ወይ? ነው እንጂ! ከባሌዋ አጋርፋ ሆኜ ላወድስ የተነሳሁት ይህንኑ ሞኝነት ነው፤ ስሙን ሳልለውጥ፣ ከልቤ።

አስቀድሞ ለብልሁ ወገን የሚገባው ይሰጠው። ኤሪክ ፋቭር የተባለ ስዊዘርላንዳዊ መሐንዲስ ኔስሌ ውስጥ ሲሠራ የካፕሱሉን ሐሳብ ያፈለቀው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ነው፤ ካፕሱሉን የሚሸጠው ኔስፕሬሶ የተመሠረተው ደግሞ በ1986። አንዷ ካፕሱል ከ5 እስከ 6 ግራም የሚሆን የተፈጨ ቡና ትይዛለች። ቡናው ፋብሪካ ውስጥ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ ተለክቶ፣ አየር እንዳያገኘው ይታሸጋል፤ ማሽኑ ሙቅ ውኃውን በኃይለኛ ግፊት ይሰድበታል። የሰኞው ከቅዳሜው አይለይም። እንግዳ ስለበዛ አይቀጥንም፣ አፍዪዋ በሐሳብ ስለተወሰደች አያርም። ጀበና እንዲህ ያለ ቃል ሊገባ አይችልም።

የዘመኑ የቡና ባለሙያ እኛ ቤት ገብቶ ቢቀመጥማ ጥፋታችንን በጣቱ ይቆጥራል። ከምጣድ የወረደ ቡና ጋዝ ስለያዘ ጥቂት ቀን ይረፍ ይላል፤ እኛ ትኩሱን እንወቅጠዋለን። ዱቄቱ እኩል ይሁን ይላል፤ ከሙቀጫችን የሚወጣው ግን ገሚሱ ልም፣ ገሚሱ ሻካራ ነው። አንዴ ውኃ ያለፈበት ቡና ይደፋ ይላል፤ እኛ አቦሉን ቀድተን ለቶና ውኃ እንጨምራለን፣ ለበረካም እንደገና። ከክሱ አንዱን ብቻ ደጋው ራሱ ያነሳልናል። ቡና በሚንፈቀፈቅ ውኃ ይቃጠላልና ከ90 እስከ 96 ዲግሪ ይበቃዋል ይባላል። አጋርፋ፣ ሮቤና ጎባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ግድምና ከዚያም በላይ ስለሚገኙ፣ እዚህ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ጀበናው ገንፍሎ እሳቱን ቢያጠፋ እንኳ ባለሙያው ከፈቀደው አላለፈም።

ሌላውን ክስ ግን ሁሉንም እቀበላለሁ። ተቀብዬም አወድሳለሁ፤ ምክንያቱ ምጣዱ ላይ ነው ያለው።

ቡናው ተለቅሞ በሁለት ሦስት ውኃ ይታጠባል። እርጥቡ ፍሬ የጋለ ብረት ምጣድ ላይ ሲወድቅ መጀመሪያ የሚነሳው እንፋሎት ነው፤ ሽታውም የእርጥብ ሣር። አረንጓዴው ወደ ቢጫ ይሄዳል፣ ቤቱን የዳቦ ሽታ ይሞላዋል፣ ስስ ገለፈቱ እየተላቀቀ ይበናል። ከዚያ መንጣጣት ይጀምራል። ከዚህ በኋላ የቆይዋ እጅ አንድ አፍታ ማረፍ አይችልም፤ ታገላብጣለች፣ ምጣዱን አንስታ ትነቀንቃለች፣ መልሳ ትጥዳለች። ፍሬው ጠቁሮ ወዝ ሲያወጣ ምጣዱ ከነጭሱ በየሰዉ ፊት ይዞራል። ሁሉም በመዳፉ ወደ አፍንጫው ይስባል። አንዷ “ደርሷል፣ አውጪው” ስትል ሌላዋ “ትንሽ ይቆይ፣ አልጠቆረም” ትላለች፤ ቆይዋም ሁለቱንም ሰምታ በራሷ ዓይን ትወስናለች። ይህ ጭስ የቡናው ነፍስ ነው። የቡና መዓዛ በኖ የሚሄድ ነገር ነው፤ ሲቆላና ሲወቀጥ ብዙው ወደ አየር ይወጣል። እኛ ቤት ያን አየር የሚተነፍሰው የተሰበሰበው ሰው ነው፤ ስኒው ከመቅረቡ በፊት የቡናው ገሚስ በአፍንጫ ተጠጥቷል። ካፕሱሉም መዓዛ አለው፤ ሲቆላ የወጣውን ግን ፋብሪካው አሽትቶታል።

ከዚያ ዱቄቱ በጀበናው አንገት ይጨመራል፣ ይፈላል፣ ተነስቶ ማቶቱ ላይ ይቀመጣል። አንቡላው ወደ ታች እስኪሰክን የሚሠራ ምንም ሥራ የለም። የሞኝነታችን እምብርት ይህች ክፍተት ናት። ለማሽኑ ጥብቅና የሚቆም ሰው ባክናለች የሚላት እሷን ነው፤ እኔ ደግሞ ስለ ጣዕሙ ብሸነፍ እንኳ ስለ እሷ አልሸነፍም። አጋርፋ ላይ ቡና ለብቻ አይጠጣም። ሙቀጫው ድምፁን ሲያሰማ ልጅ ወደ ጎረቤት ይላካል፦ “አዴ፣ ቡና ደርሷል፣ ኑ ብላለች እናቴ።” የገብስ ቆሎ ይቀርባል፣ ሲደላ ጩኮ ይወጣል። ወሬውም የስንዴ ነው፦ ኮምባይነሩ የማን ማሳ ላይ ደረሰ፣ ዝናቡ አጨዳ ላይ ይመጣ ይሆን፣ ቅጠሉ ላይ ዝገት የመሰለ ነገር ያየ አለ ወይ። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ የግንድ ዋግ የተባለው በሽታ ዲገሉ የተባለውን የስንዴ ዝርያ በባሌ ማሳዎች ላይ ከመታው ወዲህ ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል ጥያቄ አይደለም። በአቦል ላይ የሚወራው ሰላምታና ገበያ ነው። የልብ ነገር፣ የታመመው፣ የተጣላው፣ ብድር የከበደው፣ ብዙ ጊዜ የሚወጣው በቶናና በበረካ መካከል ነው። ግማሽ ደቂቃ ውስጥ የሚወርድ ቡና ለሰላምታ ይበቃል፤ ለቀረው አይደርስም።

ከጀበናም የባሰ ሞኝነት አለን። በባሌ ኦሮሞ ዘንድ ቡና ቀላ የሚባለው፣ የደረቀው ቡና ከነገለባው ጫፉ በጥርስ ተነክሶ በቅቤ የሚጠበስበት ነው። ፍሬው ይታኘካል፣ ቅቤው እጅና ራስ ይቀባል፣ ሽማግሌው ይመርቃል። አንድ በአንድ ጫፉን ለመንከስ የሚፈጀው ጊዜ ብቻውን የስንት ካፕሱል ጊዜ ነው! ግን ምርቃት ይዞ የሚመጣ ቡና ይህ ነውና፣ ማንም ሲቻኮልበት አላየሁም።

ደግሞ ይህን ሁሉ የምናደርገው ቡና በማይበቅልበት አገር ነው። ደጋችን የስንዴና የገብስ ነው፤ ለቡና ይበርዳል። የባሌ ቡና ያለው ከተራራው ማዶ ነው፦ ከጎባ ወጥቶ፣ 4,000 ሜትር የሚደርሰውን የሰነቴ አምባ አቋርጦ፣ ሪራን አልፎ፣ ሐረና ጫካ ውስጥ። እዚያ ቡና በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ራሱ ይበቅላል። ቀዩ ፍሬ በእጅ ተለቅሞ ከነገለባው በፀሐይ ይደርቃል። ስሎው ፉድ የተባለው ጣልያን አገር የተመሠረተው ድርጅት የሐረናን የዱር ቡና ሊጠበቁ ይገባል ካላቸው የምግብ ሀብቶች መካከል አስገብቶታል፤ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም እ.ኤ.አ. በ2023 የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኗል። ከዚያ ጫካ የመጣ ቡና ገበያ ላይ ሲታፈስ፣ ገዢዋ አንድ ፍሬ በጥርሷ ሰብራ ትሞክራለች፣ እርጥበቱን በመዳፏ ትመዝናለች፣ “የዘንድሮ ነው ያምናው?” ብላ ትጠይቃለች። ኔስፕሬሶም የኢትዮጵያን ስም የያዘ ካፕሱል ይሸጣል፤ ክብር ነው። ግን የታሸገ ነገር በጥርስ አይሞከርም። ጠጪው ቡናውን ማወቅ ሲያቆም፣ ጫካው ለምን መቆም እንዳለበት የሚያውቀውም ሰው ይቀንሳል። ይህ ሥጋቴ የእውነት ነው።

ቆሻሻውም ይቆጠር። የኛ አንቡላ ጓሮ ተደፍቶ አፈር ይሆናል። ለ5 ግራም ቡና አንድ የአሉሚኒየም ወይም የፕላስቲክ ዕቃ መጣል ግን ያሳሰበው እኛን ብቻ አይደለም፤ የጀርመኗ ሐምቡርግ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2016 በመንግሥት ገንዘብ ካፕሱል ቡና እንዳይገዛ ከልክላለች። ኬ-ካፕ የተባለውን የአሜሪካኑን የፕላስቲክ ዓይነት የፈጠረው ጆን ሲልቫን ራሱ አንዳንዴ እንደሚጸጸት እ.ኤ.አ. በ2015 ተናግሯል። እነሱ መልሶ መጠቀሚያ ፋብሪካ እያላቸው እንዲህ ካሉ፣ አጋርፋ ላይ የተጣለች ካፕሱል የት ትደርሳለች?

አንድ ነገር ግን ውዳሴዬን ይገታዋል፤ ሳላነሳው ባልፍ ታማኝ አልሆንም። ይህን ሞኝነት የምንጠጣው ሁላችንም ስንሆን የምትሸከመው አንዷ ናት። ከሰሉን የምታያይዘው፣ ጭሱ ዓይኗ ውስጥ የሚገባው፣ ስኒውን በየዙሩ የምታጥበው እናት ወይም ልጅ ናት፤ በበዓል ሰሞን በቀን ሦስት ጊዜ። ፈተና የደረሰባት ልጅ ደብተሯን አጥፋ ቡና እንድትቆላ ስትጠራ፣ ወንድሟ ደግሞ እግሩን ዘርግቶ “አቦሉ ቀጥኗል” ሲል አይቻለሁ። ለእሷ ማሽኑ ነፃነት ነው። እዚህ ላይ የካፕሱሉ ጠበቆች እውነት አላቸው፤ መልሱ ግን ጀበናውን መስቀል አይደለም። ወንዱ ሙቀጫውን ይያዝ፣ ስኒውን ይጠብ፣ ቡና መቁላት ይማር። ሞኝነት ለሁሉ እኩል ሲዳረስ ነው ውዳሴ የሚያምርበት።

ስለዚህ ማሽን ይዞ ለሚመጣው ዘመዳችን የምለው አለኝ። አምጣው፣ አናባርረውም። ለሌሊት ተረኛዋ ነርስ ይሆናል፣ ለመንገደኛ ይሆናል፣ ጭስ ሲነሳ የአደጋ ደወል በሚጮኽበት ፎቅ ላይ ለምትኖረው ለአንተም ሆኗል። በጣዕም ደረጃ ከከተማ ቡና ቤት ጋር ቢወዳደር አይወድቅም። ስትመለስ ግን ሻንጣህ ውስጥ ጥሬውን የሐረና ቡና ይዘህ ሂድ፤ ቅዳሜ ስትሆን መስኮቱን ከፍተህ ቁላው፣ ከጎንህ ያለውን በር አንኳኳ፣ ጎረቤትህንም ጥራው።