ሽማግሌ የበዛበት ቀለም

ፎቶ ጥቁርና ነጭ በነበረ ጊዜ በቀለም የተጣላ ሰው አላውቅም። ነጠላው ነጭ፣ ጎፈሬው ጥቁር፣ የቀረው ግራጫ፤ አለቀ። ሙሽራዋ ጠይም ትሁን ቀይ ዳማ፣ የሚያውቃት ያውቃታል፣ የማያውቃትም አይጠይቅም። ቀለም ያማረው ደንበኛ ቢመጣ እንኳ ባለፎቶ ቤቱ ቀጭን ብሩሽ አንስቶ ከንፈሯን ቀላ፣ ጉንጯን ሞቅ ያደርግና ያስረክበዋል። "ይህ ቀይ በየትኛው ፕሮፋይል ነው?" ብሎ የሚጨቀጭቅ ፍጡር ገና አልተወለደም ነበር።

ዛሬ ተወልዷል፤ ተወልዶም ሠርግ ያነሳል። ፎቶውን ላፕቶፑ ላይ ሲያየው የቀሚሱ ጥለት ደህና አረንጓዴ ነው። ትልቁ ሞኒተር ላይ ሲያወጣው አረንጓዴው ዓይን ይወጋል። በቴሌግራም ለሚዜዎቹ ሲልከው በየስልኩ የተለያየ ነው። አልበሙ ታትሞ ሲመጣ ደግሞ የሙሽራዋ እናት ገልጠው ገልጠው "ልጄን አጠቆራችሁብኝ!" ይላሉ። ልጁም "እማማ፣ እኔ ስክሪን ላይ እኮ እንዲህ አይደለችም" ይላቸዋል። እሳቸው የዳሩት ልጃቸውን እንጂ ስክሪኑን አይደለም።

ከዚያ ወደ እኔ ነው። "ጋሼ፣ ሞኒተሬ ቀለም ይዋሻል።" የኔ ልጅ፣ ሞኒተርህ ብቻውን ቢዋሽ ምን ገዶኝ! ነገሩ ባልና ሚስት ተጣልተው ሽማግሌ የበዛበት ቤት ነው። አንዱ አስታርቆ ሳይወጣ ሌላው በጓሮ ይገባና የታረቁትን እንደገና ያስታርቃል። ሞኒተሩ ያርማል፣ የግራፊክስ ካርዱ ያርማል፣ ዊንዶውስ ያርማል፣ ፎቶሾፕ ያርማል፤ "ከእኔ በፊት ያረመ አለ ወይ?" ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። ስለዚህ የቀለም ብልሽት መፈለግ ማለት እነዚህን ሽማግሌዎች አንድ በአንድ ከቤት ማስወጣት ነው። የማይገባው ሲወጣ የሚገባው ይታወቃል።

ከሞኒተሩ እንጀምር። ይህ ዕቃ ከካርቶኑ ሲወጣ የተዘጋጀው ለፎቶ ሥራ አይደለም፤ ሱቅ ውስጥ አጠገቡ የተደረደሩትን እንዲያስንቅ ነው። ብራይትነሱ ጣሪያ ነክቷል፣ ነጩ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ሜኑውን ስትከፍቱት "ጌም"፣ "ሲኒማ"፣ "ቪቪድ" እያለ ይደረድርላችኋል፤ ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጧል! "ዳይናሚክ ኮንትራስት" የሚባለውማ የባሰ ነው፤ ጨለማ ፎቶ ስትከፍቱ መብራቱን ራሱ ይቀንሳል፣ ነጭ ስትከፍቱ ራሱ ይጨምራል። ማን ጠየቀው? አጥፉት። ነጩን ወደ 6500 ኬልቪን፣ ጋማውን ወደ 2.2 አምጡ። ብርሃኑ ለኅትመት ሥራ ከ80 እስከ 120 ካንዴላ በካሬ ሜትር ይበቃል፤ ብዙ ሞኒተር ከፋብሪካ ሲወጣ ከዚህ እጅግ ይበልጣል። የእናትየው አቤቱታ አብዛኛውን ጊዜ የሚወለደውም እዚሁ ላይ ነው፦ ስክሪኑ ከመጠን በላይ ስለበራ ልጁ ፎቶውን እያጨለመ ያርማል። ወረቀት ደግሞ የራሱ መብራት የለውም፤ የጨለመውን እንደጨለመ ያትመዋል።

ሁለተኛው አዛኝ መስሎ የሚገባው ናይት ላይት ነው። ዓይናችሁ እንዳይደክም ብሎ ማታ ስክሪኑን ብርቱካናማ ያደርገዋል። ኤዲተሩ ሌሊት ተቀምጦ "ይህ ፎቶ ቢጫ በዛበት" ይልና ሰማያዊ ይጨምርለታል፤ ሲነጋ የሙሽራው ሱሪና የሙሽራዋ ጥርስ እኩል ሰማያዊ ሆነው ይገኛሉ። ማክ ያላችሁም አትሳቁ። "ትሩ ቶን" የሚሉት የክፍሉን መብራት እየለካ ነጩን የሚቀያይር ነገር እናንተ ዘንድ አለ። ፎቶ ስታርሙ ሁለቱም ይጥፉ።

ሦስተኛው ኤችዲኤምአይ ገመድ ላይ የተደበቀው ነው። አንዳንዴ የግራፊክስ ካርዱ ሞኒተሩን ቴሌቪዥን ነው ብሎ ያምንና ጥቁሩን ከ0 ሳይሆን ከ16፣ ነጩን እስከ 255 ሳይሆን እስከ 235 አድርጎ ይልካል። ያን ጊዜ ጥቁር ካፖርት አመድማ ይሆናል፣ ነጩም ይደበዝዛል። ልጁ ደግሞ ኮንትራስት እየጨመረ ፎቶውን ያሰቃየዋል። ፎቶው ምን አደረገ? በግራፊክስ ካርዱ ማስተካከያ ውስጥ ገብቶ ክልሉን "ፉል" ማድረግ ብቻ ነበር የሚፈለገው።

አሁን ዋናው ሽማግሌ ዘንድ ደረስን፤ ፕሮፋይል። 255፣ 0፣ 0 የሚል ቁጥር ለብቻው ቀለም አይደለም። "ያለህን ቀይ በሙሉ አውጣ" የሚል ትእዛዝ ነው፤ እያንዳንዱ ስክሪን ያለውን ቀይ ያወጣል፣ የአንዱ ቀይ ደግሞ የሌላው አይደለም። ይህ ስላስቸገረ አዶቢ፣ አፕል፣ ማይክሮሶፍትና ኮዳክ ያሉባቸው ስምንት ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. በ1993 አይሲሲ የሚባል ማኅበር አቋቋሙ። ማኅበሩም እያንዳንዱ ዕቃ "የኔ ቀይ ይህ ነው፣ የኔ አረንጓዴ ይህ ነው" ብሎ የሚመሰክርበትን ፋይል ደነገገ። ደግ ሐሳብ ነው፤ ምስክሩ ካልዋሸ።

ምስክሩ ግን ይዋሻል። የሞኒተሩ ሶፍትዌር ሲጫን ሳያስፈቅድ የተበላሸ ፕሮፋይል ይዞ የሚገባበት ጊዜ አለ። ምልክቱም ይታወቃል፦ የዊንዶውስ ፎቶ ማሳያ ነጩን ቢጫ ያደርገዋል፣ ሌላው መስኮት ሁሉ ግን ነጭ ነው። ኮንትሮል ፓነል ውስጥ "ከለር ማኔጅመንት" የሚለውን ክፈቱ፤ ያንን ፕሮፋይል አስወግዱና በቦታው ኤስአርጂቢ የሚባለውን መደበኛ ፕሮፋይል ተኩ፤ ፕሮግራሙንም ዘግታችሁ ክፈቱ። ቢጫው ከጠፋ ጥፋተኛው ተያዘ። ይህ ግን ምርመራ እንጂ ፈውስ አይደለም፤ ፈውሱ ወደ ኋላ ይመጣል።

በጣም የሚያናድደኝ ሰፊ የቀለም ክልል ያለውን ሞኒተር የገዙት ናቸው። ፎቶሾፕ ፕሮፋይሉን አንብቦ ቀዩን በልኩ ያሳያቸዋል። ፕሮፋይል ማንበብ የማይችል ፕሮግራም ደግሞ ያንኑ ፎቶ ሲከፍተው ሞኒተሩ ያለውን ቀይ በሙሉ ይለቅበታል፤ ፊት ሁሉ በርበሬ ይሆናል። ከዚያ "ጋሼ፣ ፎቶሾፕ ቀለሜን አደበዘዘብኝ" ይሉኛል። ልጄ፣ ልከኛው የደበዘዘው ነው! እንዲህ ስላቸው ፊታቸውን ያጠቁሩብኛል።

ራሱ ፎቶሾፕ ውስጥም ቢሆን ሰላም የለም። አንዱ "ከለር ሴቲንግስ" ውስጥ ገብቶ የመሥሪያ ቀለም ክልሉን የሞኒተሩ ፕሮፋይል ላይ ያደርገዋል፤ ያን ጊዜ ፕሮግራሙ ለሞኒተሩ ማስተካከሉን ያቆማል፣ ፎቶውም የአንድ ስክሪን ብቻ ሆኖ ይቀራል። ሌላው የሠረዘውን ሥራ ለመመለስ ብሎ እንደ ሌላው ፕሮግራም ሁሉ ኮንትሮል ዋይ ይጫናል። ፎቶሾፕ ግን በዚህ ቁልፍ የኅትመቱን ቀለም ማስመሰል ይጀምራል፤ ፎቶው ባንዴ ይፈዛል፣ ልጁም ሞኒተሩን መምታት ይጀምራል። መምታቱን ተውና የፋይሉ ስም ያለበትን መስመር አንብብ፤ ከአርጂቢው አጠገብ ሲኤምዋይኬ የሚል ከተጨመረ ነገሩ ያ ነው። ቁልፉን ደግመህ ተጫን፣ ይመለሳል።

"አሳይን" እና "ኮንቨርት"ንም የሚያምታቱ አሉ። አሳይን ቁጥሩን ሳይነካ ትርጉሙን ይቀይራል፤ መልኩ ይለወጣል። ኮንቨርት መልኩን ለመጠበቅ ቁጥሩን ይቀይራል። በአዶቢ አርጂቢ የተሠራ ፎቶ ኤስአርጂቢ ነው ተብሎ ከተነበበ ሰው ሁሉ የታመመ ይመስላል። ፕሮፋይል የሌለው ፋይል ይዞ ትክክለኛ ቀለም መፈለግ ደግሞ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

ስለ አዶቢ አርጂቢ ካነሳሁ አይቀር፣ ይህን ስሙልኝ። አዶቢ እ.ኤ.አ. በ1998 ይህን የቀለም ክልል ያወጣው ከአንድ የቴሌቪዥን ደረጃ ሰነድ ላይ ቁጥሮች በስህተት ወስዶ ነው። ስህተቱ ሲታወቅ ባለሙያዎቹ ወደውት ስለነበር አልተጣለም፤ ስም ወጣለትና እስከ ዛሬ በየካሜራው ሜኑ ላይ ተቀምጧል። ኮዳክ ያመጣው ፕሮፎቶ አርጂቢማ ከዚህም ይሰፋል፤ የሰው ዓይን ጨርሶ ሊያያቸው የማይችል ቀለሞች የሚሆኑ ቁጥሮች አሉበት። ነጠላዋ ለምን ቢጫ ሆነ ብላ ለምትቆጣ ደንበኛ ማንም የማያየውን ቀለም ማስቀመጥ ምን ይባላል?

አንድ ነገር ግን ለዛሬው ዘመን ልመስክርለት። በቀለም ፊልሙ ዘመን ኮዳክ ለማተሚያ ቤቶች "ሸርሊ ካርድ" የሚባል ፎቶ ይልክ ነበር። ካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ናት፤ አታሚው የእሷ ገጽታ እስኪያምር ማሽኑን ያስተካክላል። ጠይምና ጥቁር ሰው በዚያ ሚዛን ሲታተም የፊቱ መልክ ይጠፋ ነበር። ታሪኩን ያጠኑ እንደጻፉት፣ ፊልሙ ቡናማን በደንብ እንዲለይ ከገፋፉት መካከል ቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ ለማስታወቂያ የሚያስነሱ ድርጅቶች ነበሩ። ለሰው ፊት ሳይሆን ለቁም ሳጥን ተብሎ ነው የታየልን። ስክሪን ላይ የሚንጠለጠለው የዛሬው መለኪያ ግን የማንንም ፊት አያይም፤ ከስክሪኑ የሚወጣውን ብርሃን ለክቶ ፕሮፋይሉን ይጽፋል። በእኔ ፍርድ ቤቱ ውስጥ መቅረት ያለበት ሽማግሌ ይህ ብቻ ነው።

እሱም ቢሆን ሥርዓት ይፈልጋል። ሞኒተሩ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት በርቶ ይሙቅ። ናይት ላይት በርቶ የተለካ ፕሮፋይል ከተለካም አይቆጠር። የድሮ መለኪያ ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ውስጥ ከቀረ አውጡት፤ ሁለቱ እየተፈራረቁ ማስተካከያቸውን ግራፊክስ ካርዱ ላይ ይጭናሉ፣ እናንተም ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር ቀለም ይቀያየርባችኋል። ግድግዳውን ሮዝ ቀብታችሁ፣ መጋረጃውን ቀይ ሰቅላችሁ፣ ፀሐይ በመስኮት ስክሪኑ ላይ እየወረደች ስለ ነጭ አትከራከሩኝ። ዓይን ላደረበት መብራት ይለምዳል፤ ቢጫ ክፍል ውስጥ ትንሽ ከቆየ ቢጫውን ነጭ ነው ብሎ ይምላል።

እንግዲህ የምመክራችሁ ይኼ ነው፦ መጀመሪያ አጥፉ፣ ቀጥሎ ሞኒተሩን ወደ ልኩ መልሱ፣ ከዚያ ለኩ፣ ከዚያ እጃችሁን ሰብስቡ። ለስልክና ለቴሌግራም የምትልኩትን ወደ ኤስአርጂቢ ቀይራችሁ፣ ፕሮፋይሉን አያይዛችሁ አውጡ። ለአልበም ከሆነ ማተሚያ ቤቱን ፕሮፋይሉን ጠይቁት፤ ሙሉውን ከማሳተማችሁ በፊትም አንድ ገጽ አሳትማችሁ በቀን ብርሃን እዩ። ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ቀለሙ አሁንም ካስቸገራችሁ፣ የእኔን በር ከማንኳኳታችሁ በፊት ናይት ላይቱን ደግማችሁ እዩት፤ በሰዓት ተሞልቶ ከሆነ ፀሐይ ስትጠልቅ ራሱ ይበራል።