ሃምሳ ኪሎ

ነገሩ የተጠነሰሰው ለቅሶ ቤት ነው። ሚያዝያ 2015 ካዛንቺስ ለቅሶ ልደርስ ሄጄ፣ ድንኳኑ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠ የሩቅ ዘመዴ በአንድ እጁ ንፍሮ እየዘገነ በሌላው ስልኩን አወጣና አንድ ቤት አሳየኝ። የራሱ አይደለም፤ ሊያሠራው የሚመኘው ነው። ታችኛው ግድግዳ ልስን ያልነካው አርማታ፣ የጣውላው መስመር አንድ በአንድ የሚቆጠርበት። ላይኛው ነጭ የተቀባ ጡብ። በሩ ጥቁር። ደጁ ላይ አንዲት ቁልቋል። ሰው የለም፣ የተሰጣ ልብስ የለም፣ ሮቶ የለም።

ለቅሶ ላይ የቤት ወሬ በእኛ ሰፈር ነውር አይደለም። ሟች ትቶት የሚሄደው ዞሮ ዞሮ ቤት ስለሆነ ጨዋታው ከ«ነፍስ ይማር» ተነስቶ ካርታና ሊዝ ላይ ያርፋል። እኔ ግን የዚያን ዕለት ሐዘንተኞቹን በቅጡ ሳልሰናበት የወጣሁ ይመስለኛል። ዓይኔ ላይ የቀረችው ቁልቋሏ ናት።

የእኛ ቤት ቂርቆስ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ። አባቴ የሠራው በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ሲሆን፣ እንደ ብዙ ደሞዝተኛ ገንዘቡ የበቃው ለፊት ለፊቱ ብቻ ነበር። ፊቱ ቀይ ጡብ፣ ጎንና ጎኑ ጭቃ። ከመንገድ ሲያዩት የባለሥልጣን፣ ከጓሮ ሲያዩት የእኛ። ደርግ ሐምሌ 1967 በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወርስ አባቴ ትርፍ ስላልነበረው ቤቱ ተረፈለት። ሁለት የነበራቸው ጎረቤታችን አንዱን አስረክበው፣ የገዛ ጓሯቸውን በቀበሌ ተከራይ ዓይን እያዩ ኖሩ። አባቴ ያንን ጡብ ለፋሲካ ዋዜማ በብሩሽና በውሃ ሲያጥበው አስታውሳለሁ። ቀለም አስነክቶት አያውቅም።

ሐሳቤን ለእማዬ ስነግራት ቡና እየቆላች ነበር።

«ምን ጎደለው?» አለች።

«ዘመናዊ ይሁን ብዬ ነው እማዬ።»

«ጡብ ዘመናዊ አይደለም?»

መልስ ስላልነበረኝ ስልኩን አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ ሥዕሉን አራቀችው፣ አቀረበችው። «ምነው ሳይጨርሱት ገቡበት?» ብላ ወደ ማመሻው ዞረች።

ምክር ፍለጋ ካዛንቺስ ወደሚኖሩት የአባቴ ወዳጅ ሄድኩ። ጋሼ ነው የምላቸው። ግንበኛ ናቸው፤ ዘመናቸውን የገፉት አንዲት የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። ስለ ቤት ከጠየቋቸው በአጭሩ አይመልሱም፣ መጀመሪያ የሰፈራቸውን ስም መተርተር አለባቸው። ጣሊያን በወረራው ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት የሚሠራ መሥሪያ ቤት ነበረው፤ ስሙ ሲያጥር «ኢንቺስ»። ቤቶቹ «ካዜ ኢንቺስ» ተባሉ፤ እኛ አፍ ላይ ሲደርስ ካዛንቺስ ሆነ። «ሰፈሩ ራሱ የቤት ስም ነው እኮ!» ይላሉ፣ ስሙን እሳቸው ያወጡት ይመስል ደረታቸውን ነፋ አድርገው። አርማታም ካሳፎርማም የመጡት ከዚያው አገር ነው። ጣሊያኑ ሄደ፣ ቃሉ ከግንበኛ አፍ አልወጣም።

ቃል ብቻ አልበቃቸውም፤ ከዘራቸውን አንስተው «ተከተለኝ» አሉ። ከሂልተን አቅራቢያ ያለውን የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ሕንፃ ከአጥር ውጪ አሳዩኝ። ሚካኤል ቴድሮስና እስራኤላዊው ዛልማን ኤናቭ በ1950ዎቹ የነደፉት ነው። ከዚያ ወደ አፍሪካ አዳራሽ ወረድን፤ አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈውና በ1953 የተመረቀው። እዚያ የሚገባ ሰው ሁሉ የሚያየው የአፈወርቅ ተክሌን 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕል ነው። ጋሼ ግን የሚያዩት ጠርዝ ነው። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከዘራቸውን እንደ ቱምቢ አንጠልጥለው፣ ጥበቃው እስኪጠራጠረን ድረስ ጠርዝ ያያሉ። «አርማታ ይቅር አይልም» አሉኝ። «ልስን ኃጢአት ይሸፍናል። ልስን የሌለው አርማታ ግን ካሳፎርማው ላይ ያጠፋኸውን ሁሉ አደባባይ ነው የሚያወጣው።»

«ጡቡስ ጋሼ? ነጭ ልቀባው ነበር።»

ቆሙ። «ጡብ ይተነፍሳል ልጄ። ክረምት የጠጣውን በጋ ይተፋዋል። ፕላስቲክ ቀለም ስትለጥፍበት አፉን አፈንከው ማለት ነው። መቀባት ካማረህ ኖራ ቀባው፤ ኖራ አብሮት ይተነፍሳል።»

ኖራ! እኔ ስልክ ውስጥ ያየሁትን ቤት አምጡልኝ ስል፣ ሰውየው የመቃብር ቀለም ያዙልኛል። አመስግኜ ተለየኋቸው። በማግሥቱ ሌላ ሠራተኛ ያዝኩ።

አርማታው ከበሩ ጎን የሚቆም ሦስት ሜትር ርዝመት፣ ሁለት ሜትር ቁመት ያለው ግድግዳ ነበር። ለጌጥ ነው፣ ምንም አይሸከምም። የያዝኩት ልጅ ቀልጣፋ ነው፤ «ብሮ» ይለኛል። አንድ ሳጥን ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ ሦስት ጠጠር፤ እዚህ ድረስ ልክ ነበርን። ቫይብሬተር እንከራይ ስለው «ለዚህች? በፌሮ ወጋ ወጋ እናደርጋታለን» አለ። ካሳፎርማው ሦስት ቤት የዞረ ጣውላ ነው፤ ጠርዙ ተበልቷል፣ ብርሃን ያሳልፋል። ሲቦካ ከበደን ብለው ውሃ ጨመሩ። ውሃው ሲበዛ የሲሚንቶው ወተት በየቀዳዳው ይፈስ ጀመር። ልጁ ፈጣን ነው አላልኩም? ከመሬት የሲሚንቶ ከረጢት አንስቶ፣ አጣጥፎ፣ ከውስጥ በኩል ቀዳዳው ላይ ጠቀጠቀና ሙሌቱን ቀጠለ። እኔ ቆሜ እያየሁ ነው። እውነቴን ነው፣ ብልሃቱን አድንቄለት ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጣውላው ተነቀለ። እማዬ ወንበር አስወጥታ ተቀምጣለች፤ የሰፈር ልጆችም አሉ። የመጀመሪያው ጣውላ ሲነሳ ጠጠሩ ጥርሱን አግጦ ወጣ። ከታች በኩል እጅ የሚያስገባ ጎድጓዳ አለ፣ ውስጡ ፌሮው ይታያል። ሁለተኛው ሲነሳ፣ ልክ በዓይን ትክክል፣ አርማታው ውስጥ የተቀበረ ከረጢት። ስሙ ወደ ውስጥ ስለታጠፈ ፋብሪካውን ከማማት ድነናል። ወደ ውጪ የቀረው በሰማያዊ ቀለም የተጻፈው ብቻ ነው፦ 50 ኪ.ግ።

ዝም ተባለ። ልጁ ጫፉን ይዞ ሲጎትተው ቡጢ የሚያህል አርማታ ይዞ መጣ፤ «ተወው! ተወው!» ብለን ጮኽን። ጋሼ ተጠርተው መጡ። ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ አዩት፣ መልሰው አደረጉት። ተግሣጽ ስጠብቅ «ሰባት ቀን ውሃ አጠጣው፤ የማያምር ቢሆንም ይጠንክር» ብለው ሄዱ።

እማዬን ላጽናናት ሞከርኩ። ፈረንሳይ አገር ለ ኮርቡዚዬ የሚባል ትልቅ አርክቴክት ነበር አልኳት፤ በአውሮፓ 1952 ማርሴይ ላይ ትልቅ የመኖሪያ ሕንፃ አስመረቀ። መጀመሪያ በብረት ሊያቆመው ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ ብረት ጠፋና በአርማታ ሆነ። ጣውላው የተወውን ጠባሳ በልስን እንሸፍነው ሲባል አይሆንም ብሎ እንዳለ ተወው። ዓለም እስከ ዛሬ ይሄንን ሊያይ ይሄዳል።

«ከረጢት ቀብሮበታል?» አለች።

ስሙን ያወጡት ልጆቹ ናቸው። አዲስ አበባ አራት ኪሎ አላት፣ አምስት ኪሎ አላት፣ ስድስት ኪሎ አላት፤ እኛ በአንድ ጀምበር ሃምሳ ኪሎ ሆንን። መጀመሪያ ቀልድ ነበር። ከዚያ «ሃምሳ ኪሎ ጋ ጠብቀኝ» ሲባል ሰማሁ። በሳምንቱ የእድር ጥሩንባ ነፊው የቀብር ሰዓት ሲናገር «ሃምሳ ኪሎን አለፍ ብሎ» አለ። አለቀ።

ሰው ሲያፍር ይሄኔ ይቆማል። እኔ ግን ጡቡ ካማረ አርማታው ይረሳል ብዬ ሰኔ መግቢያ ላይ ጡቡን ነጭ አስቀባሁት፤ ሁለት እጅ፣ የሚታጠብ ፕላስቲክ ቀለም። መናገር ያለብኝን ልናገር፤ ለሁለት ሳምንት እንደዚያ ያማረ ቤት ቂርቆስ አልነበረም። ማታ ማታ የመንገድ መብራት ሲያርፍበት ወጥቼ አየው ነበር። ቁልቋልም ገዛሁ።

ከዚያ ሐምሌ መጣ። የአዲስ አበባ ዝናብ ጉልበቱ ሐምሌና ነሐሴ ነው። የእኛ አሸንዳ ደግሞ ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ አንድ ቦታ ያፈስሳል። ድሮ ያ ውሃ በጡቡ ላይ ይወርድና ጡቡ ጠጥቶት ፀሐይ ስትወጣ ይደርቃል፣ ማንም ልብ አይለውም። አሁን ከላይ በስንጥቁ ገባ፣ ከታችም መሬቱ ሰጠው፣ መውጫው ግን በቀለም ተደፍኗል። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ቀለሙ ውሃ ቋጠረ። በጣት ሲጫኑት እንደ ተቃጠለ ቆዳ ይንሸራተታል፤ ሲፈነዳ ቀይ ውሃ ያወርዳል። ከሥሩ ውርጭ የመሰለ ነጭ ነገር አለ። ቀመስኩት፤ ምን ሆኜ እንደሆነ አላውቅም። ከጡቡና ከሲሚንቶው የወጣ ጨው ነው፤ ውሃው ተሸክሞት መጥቶ ቀለሙ ጀርባ ሲደርቅ ይጠጥራል፣ ሲጠጥር ይገፋል። በደጅ መውጣት ያልቻለው ውሃ በውስጥ በኩል መጣ። ከእማዬ አልጋ ራስጌ የተሰቀለውን የአባቴን ፎቶ ስናወርደው ጀርባው አረንጓዴ ሻጋታ ነበር። እማዬ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። አልተናገረችኝም፤ ብትናገረኝ ይሻል ነበር።

መስከረም ላይ በሽቦ ብሩሽ ልፍቀው ተነሳሁ። ይሄኛው ከሁሉ የባሰው ስህተት ነው። ጡብ እንደ ዳቦ ነው፤ እሳት ያጠነከረው ቅርፊት አለው፣ ውስጡ ለስላሳ ነው። ቀለሙን ስፍቅ ቅርፊቱን አነሳሁት፤ ከዚያ በኋላ ዝናብ በነካው ቁጥር ቀይ ዱቄት ያራግፋል። ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ቀይ፣ ዥጉርጉር ዶሮ መስሎ አንድ ዓመት ከረመ። ቁልቋሏን የጎረቤት ፍየል በላቻት። ቁልቋል የሚበላ ፍየል ቂርቆስ ውስጥ መኖሩን ያወቅሁት ያኔ ነው።

በዚህ መሀል ከተማው በኮሪደር ልማት ተገለባበጠ፤ መንገድ ዳር ያለው ሕንፃ ሁሉ ግራጫ መልበስ ያዘ። ታኅሣሥ 2017 ባጅ ያንጠለጠሉ ሁለት ወጣቶች መጡ። የፊት ግድግዳችን ከዋናው መንገድ ይታያል፣ ግራጫ ይቀባ አሉን። አንደኛው ከረጢቱን አይቶ «ይሄ ምንድነው?» ሲል «ዲዛይን ነው» አልኩት። ጓደኛውን አየው። ጻፈ።

ተቀባ። ነጩም፣ ቀዩም፣ አርማታውም፣ ሃምሳ ኪሎውም አንድ ላይ። አርማታውን የአርማታ ቀለም ቀባሁት ማለት ነው፤ ለዚያውም ከፍዬ። ቀለሙ የታችኛውን ጎድጓዳ አልሞላውም፤ የከረጢቱም እጥፋት እንደ ግንባር መስመር ወጥቶ ይታያል።

ካዛንቺስ በ2017 መጀመሪያ ላይ መፍረስ ሲጀምር የጋሼም ቤት ሄደች። ከከተማው ዳር ቤት ተሰጥቷቸው ገቡ። ሁለት አውቶቡስና አንድ ታክሲ ነው አሉ፤ እኔ እስካሁን አልሄድኩም፣ ለምን እንዳልሄድኩም አውቀዋለሁ። ጥር 15 ለቂርቆስ ንግሥ ግን እሳቸው መጡ። ላብ በላብ ሆነዋል፤ ብብታቸው ሥር በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል።

«እንዴት አገኙን ጋሼ? መንገዱ ሁሉ ተቀያይሮ የለም?»

«የታክሲው ረዳት ‹ሃምሳ ኪሎ የሚወርድ!› ሲል ሰምቼ ወረድኩ» አሉ።

ፌስታሉን ፈቱት። ጡብ ነው፤ ቀይ፣ ጠርዙ ያልተነካ፣ አንድ ጎኑ ላይ ኖራ የያዘ። ከፍርስራሹ መሀል ራሳቸው ናቸው ያነሱት። ከእኛው ግድግዳ ጋር ሊያስተያዩት ፈልገው ወደ ፊት ለፊቱ ዞሩ፤ ቆመው ብዙ አዩና ጡቡን ይዘው ተመለሱ። እማዬ ተቀበለቻቸው። አገላብጣ አየችው፣ በመዳፏ አቧራውን ጠረገችለት፣ ወደ ጓሮ ወሰደችና ነፋስ ሲያነሳው የሚያድረው የውሃ በርሜል ክዳን ላይ አስቀመጠችው።

ስትመለስ ወደ እኔ እንኳ አላየችም። «እሱን እንዳትነካው» አለች፣ ለጋሼ ጠላ እየቀዳች።