ቦዲ ወይስ ሌንስ? በአዲስ አበባ የሠርግ ፎቶ አንሺዎች ላይ የተደረገ ጥናት

ይህ ጥናት አንድ ጥያቄ ብቻ ይመረምራል። ጥያቄው ከሠርግ አዳራሽ በረንዳ፣ ከፎቶ ቤት ባንኮኒና ከማኪያቶ ጠረጴዛ የተሰበሰበ ሲሆን የትም ቢጠየቅ ቃሉ አይለወጥም፦ «ቦዲ ልቀይር ወይስ ሌንስ ልግዛ?» ቦዲ የሚባለው ሌንሱ ሳይጨመር ካሜራው ራሱ ነው። ምንም አለመግዛት የሚባል ሦስተኛ አማራጭ በጥያቄው ውስጥ የለም። አጥኚው ይህን ክፍተት ለተሳታፊዎቹ ሲያመለክት ሁሉም በትሕትና አዳምጠው ወደ ሁለቱ አማራጮች ተመልሰዋል።

ስለ ዘዴው ብዙ የሚባል የለም። ተሳታፊዎቹ የተመረጡት ስለ ካሜራቸው ለማውራት ፈቃደኛ በመሆናቸው ነው፤ ፈቃደኛ ያልሆነ አልተገኘም፤ ለማስቆም የተቸገርንባቸው ግን አሉ። ስማቸው የተሸሸገው ለእኛ የነገሩን ዋጋና ቤታቸው የተናገሩት ዋጋ ስለሚለያይ ነው። ሠንጠረዥ ለማውጣትም ተሞክሮ ነበር፤ መልሱ ሁሉ አንድ ዓምድ ውስጥ ስለገባ ተትቷል።

የጥያቄው ዕድሜ በትክክል ይታወቃል። ላይካ እ.ኤ.አ. በ1925 ለገበያ ሲቀርብ የነበረው አንድ የ50 ሚሊሜትር ሌንስ ነው፤ እሱም አይፈታም። የካሜራው ባለቤት ሌላ የሚያስበው ስላልነበረው ፎቶ ያነሳ ነበር። በ1930 ሌንሱ የሚፈታ ሆነና ሰላሙ አበቃ። ካነን በ1987 ኤፍዲ የተባለውን ማውንት (የሌንስ ማሰሪያ) ትቶ ኢኤፍን ሲያመጣ የኤፍዲ ሌንስ የሰበሰበ ሁሉ በአንድ ጊዜ የቅርስ ባለቤት ሆነ። በ2018 ደግሞ አርኤፍ መጣና ተራው የኢኤፍ ሰዎች ሆነ። በኢኤፍ ካሜራ ከሌንሱ ማሰሪያ እስከ ሴንሰሩ 44 ሚሊሜትር ነበር፤ መሀል የነበረው መስታወት ሲወጣ ርቀቱ 20 ሚሊሜትር ሆነ። አጥኚው 24 ሚሊሜትር ይህን ያህል ትዳር ያወዛገበበት ሌላ መስክ አያውቅም። አንድ ተሳታፊ ስለዚሁ ጉዳይ ከባለቤቱ ጋር ያደረገውን ንግግር እንዲህ አስመዝግቧል። «ያኛው ምን ሆነ?» አለችው። «መስታወት አለው» አላት። «እና?» አለችው። ከዚህ በኋላ ያለው አልተመዘገበም።

ጥያቄው ወቅት ጠብቆ ይነሳል። ጥርና ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሳምንታት የሠርግ ናቸው፤ በእነሱ ጊዜ ፎቶ አንሺው ቅዳሜና እሑድ አልጋውን አያይም፣ ያለው ካሜራም ይበቃዋል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን ሠርግ ይቆማል። በእነዚያ 55 ቀናት ሥጋና ወተት ይጾማል እንጂ ዩቲዩብ አይጾምም። ተሳታፊዎቹ አንድን ቦዲ ከሌላው የሚያነጻጽሩ ፈረንጆችን ከሌሊት እስከ ሌሊት ይመለከታሉ፤ የፈረንጆቹን ልጆች ስምና የውሾቻቸውን ዝርያ ሳይቀር ያውቃሉ። ጊዜ ሲኖር ገንዘብ የለም፣ ገንዘብ ሲኖር ጊዜ የለም፤ ስለዚህ ነገሩ ሳይፈጸም ይብሰለሰላል። ግዢው የሚካሄደው ታኅሣሥ ላይ፣ ለጥር ሠርግ ቀብድ የተቀበሉ ሳምንት ነው። ሙሽሪት ይህን አታውቅም።

አሁን ወደ ምክንያቶቹ እንግባ። በብዛት የቀረበው «ካሜራዬ ነጭ አይወድም» የሚል ነው። ማስረጃ ተብሎ የታየን ፎቶም በእርግጥ ያሳዝናል፦ ነጠላው አመድ መስሏል፣ የሙሽራው ፊት ጠቁሯል፣ ጥለቱ ደብዝዟል። አጥኚው ነገሩን መርምሯል። የካሜራ ብርሃን መለኪያ፣ አሮጌም ይሁን አዲስ፣ ፊቱ የቀረበውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ለማድረግ ያዘነብላል። ሃያ ሰው ነጭ በነጭ ለብሶ ሲቆምለት «ብርሃን በዛ» ብሎ ይቀንሳል። መፍትሔው የብርሃን ማስተካከያውን ወደ አንድ ፕላስ ማዞር ነው፤ ማዞሪያው ጀርባው ላይ በአውራ ጣት ትይዩ ተቀምጧል፣ ዋጋውም ዜሮ ብር ነው። ይህ ምክር ለሁሉም ተሳታፊዎች ተሰጥቷል። ሁሉም «እሱንማ አውቃለሁ» ብለዋል። ከዚያ ስለ አዲሱ ቦዲ ቀጥለዋል።

ሁለተኛው ምክንያት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጨለማ መሆኑ ነው። ይህ እውነት ነው። በተክሊል ሥርዓት መካከል ፍላሽ የሚተኩስ ሰው ከዲያቆናቱ የሚደርስበትን ዓይን ያየ ያውቀዋል። ፎቶ አንሺው ኤፍ 2.8 ሌንሱን ሙሉ ከፍቶ፣ አይኤስኦውን (የሴንሰሩን የብርሃን ትብነት) 6400 አድርሶ፣ ትንፋሹን ይዞ ያነሳል። ማርክ 3 የሚባለው የብዙዎች የካነን ካሜራ በመደበኛው እስከ 25,600 ይሄዳል፤ መስታወት አልባው (ሚረርለስ) አር 6 እስከ 102,400። ለቦዲ የሚከራከሩ ይህን ቁጥር እንደ ጸሎት በቃላቸው ይዘውታል። ይሁንና የ50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ከ2.8 ይልቅ ወደ ሁለት እጥፍ ተኩል የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል፤ በዚያው ጨለማ አይኤስኦው ከ6400 ወደ 2600 ገደማ ይወርዳል። ሌንሱ ካነን ከሚሠራቸው ርካሾች አንዱ ነው። የተጠላውም በዚህ ነው። ትንሽ ነው፣ ላስቲክ ነው፣ ሙሽራውም አይቶት «ይቺ ናት እንዴ ካሜራህ?» ይላል። ነጩን 70-200 ሌንስ የያዘ ሰው ይህን ተብሎ አያውቅም። እንዲያውም ነጩ ሌንስ በጥናታችን የታየው ዋና አገልግሎቱ ስልክ ይዘው መንገድ የዘጉ አክስቶችን ማስለቀቅ ነው፤ በዚህ ረገድ የሚተካከለው መሣሪያ አልተገኘም።

«ብለር» ራሱን የቻለ ክፍል ይገባዋል። የአዲስ አበባ ሙሽሪት የጀርባ መደብዘዝ ትወዳለች፤ ፎቶ አንሺውም ለእሷ ብሎ የ85 ሚሊሜትር ኤፍ 1.4 ሌንስ ይገዛል። በሁለት ሜትር ርቀት ይህ ሌንስ ሙሉ ለሙሉ ሲከፈት ጥርት አድርጎ የሚይዘው ጥልቀት አምስት ሴንቲሜትር ያህል ነው። ሙሽሪት አምስት ሴንቲሜትሩ ውስጥ ትገባለች። ሙሽራው ግማሽ እርምጃ ወደኋላ ከቆመ አይገባም። ባለ ሌንሱ በአዲስ ግዢው ሙቀት ሳለ የቤተሰቡን ግሩፕ ፎቶም በ1.4 ያነሳል፤ ኋላ ረድፍ የቆሙ አጎቶች ሁሉ ከዛፉ ጋር ይደበዝዛሉ። አልበሙ ሲደርስ የሙሽሪት እናት መነጽራቸውን አድርገው «ልጄ፣ ወንድሜ የት አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። ከአሜሪካ ድረስ ለሠርጉ የመጣው ወንድማቸው ሦስተኛው የብርሃን ክብ ነው። በዚህ ሁኔታ ሌንሱ ጉድለት አለበት ማለት አይቻልም፤ የተገዛበትን ሥራ ሠርቷል።

ሦስተኛው ምክንያት የወገብ ሕመም ነው። «ሚረርለስ ቀላል ነው» ይባላል። አጥኚው ክብደቱን ደመረ። ማርክ 3 ከነባትሪው 950 ግራም፣ የ24-70 ሌንሱ 805፣ በድምሩ 1,755 ግራም ነው። አር 6 ደግሞ 680 ግራም ነው፤ እስከዚህ ድረስ ወገቡ ይድናል። ሆኖም ካሜራው የቀለለለት ሰው ባገኘው ትርፍ ክብደት ኤፍ 2 የሆነውን የ28-70 አርኤፍ ሌንስ ይመኛል፤ እሱ ብቻውን 1,430 ግራም ይመዝናል። ድምሩ 2,110 ግራም መጣ። በወገብ ምክንያት የተጀመረው ማሻሻል ወገቡን በ355 ግራም አሻሽሎታል።

ስለ ሜጋፒክስል ባጭሩ እንለፍ። ከ20 ወደ 24 ሲወጣ የፎቶው ወርድ አሥር በመቶ እንኳ አይጨምርም፤ ወርዱን እጥፍ ለማድረግ ፒክስሉ አራት እጥፍ መሆን አለበትና። 30 በ40 ሴንቲሜትር የሆነ የአልበም ገጽ በኢንች 300 ነጥብ ሲታተም 17 ሜጋፒክስል ገደማ ይበቃዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ማርክ 3 ያኔውኑ 22 ነበረው። ሙሽሪት ግን አልበሙን የምታየው እንግዳ ሲመጣ ነው። በየቀኑ የምታየው ስልኳ ላይ ነው፤ ባለ 1920 በ1080 ስክሪን ሁለት ሚሊዮን ፒክስል ብቻ ያሳያል። ከ24ቱ ቀሪው 22 ሚሊዮን ጥሪ አልደረሰውም።

ለፍትሐዊነት ሲባል አዲሱ ቦዲ በእውነት የሚሠራው ሥራ እንዳለ መመዝገብ አለበት። ዓይን ፈልጎ ይይዛል፤ ሙሽሮቹ በጭብጨባ መሀል እየተራመዱ ሲገቡ ፎከሱ አይለቃቸውም። በቅዳሴ መሀል ያለ ድምፅ ያነሳል። ይህን የካደ ጥናት ጥናት አይደለም። ችግሩ በሴኮንድ 20 ፎቶ የሚያነሳ መሆኑ ነው። ኬክ ሲቆረስ አሥር ሴኮንድ ጣቱን ያላነሳ ሰው የአንድ ኬክ 200 ፎቶ ይዞ ቤቱ ይገባል። እዚያም ላይትሩም የተባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም አሮጌ ከሆነ ሲአር 3 የተባለውን የፋይል ዓይነት አላውቅም ይለዋል። አዲሱ ላይትሩም አሮጌውን ኮምፒውተር አይወድም፤ ሃርድ ዲስኩም ይሞላል። ተሳታፊዎቹ እነዚህን ወጪዎች ካሜራው ውስጥ አያስገቧቸውም። «እሱ ሌላ ነው» ይላሉ።

ዋናው ግኝት የሚከተለው ነው፦ ጠያቂው በሚጠይቅበት ሰዓት ውሳኔው ካለቀ ቆይቷል። ነገሩ ከሽምግልና አይለይም። ልጁና ልጅቷ ከተስማሙ ዓመት አልፏቸዋል፣ የአዳራሽ ዋጋ ሳይቀር ጠይቀዋል፤ ያም ሆኖ ሽማግሌዎቹ ነጭ ለብሰው ይመጣሉ፣ ተቀመጡ ሲባሉ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ይላሉ፣ አባትም ምንም እንዳልሰሙ ሆነው «መክረን እንመልስላችሁ» ይላሉ። ፎቶ አንሺውም የሥራ ባልደረቦቹን አንድ በአንድ ያማክራል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ «እስቲ ላስብበት» ይላል፤ ሳጥኑ ያኔ ከዱባይ ተነስቶ በሰው ሻንጣ ውስጥ በካልሲ ተጠቅልሎ እየመጣ ነው። አማካሪው ሌንስ ይሻልሃል ቢለው ቦዲ የሚል ሌላ አማካሪ ይፈለጋል፤ እስኪገኝም ማኪያቶ ይጋበዛል። አጥኚው ራሱ በዚህ መንገድ በርካታ ማኪያቶ የጠጣ ሲሆን ምክሩ ውጤት ያመጣበት አጋጣሚ የለም።

ኢኮኖሚስቶች ዋጋ ፍላጎትን ያበርዳል ይላሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደርጎ፣ ከ60 ብር በታች የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር ሲያልፍ አጥኚው ሕዝቡ ሲድን ለማየት ተዘጋጅቶ ነበር። ተሳታፊዎቹ ግን ከሁኔታው ሌላ ትምህርት ወሰዱ፤ ዕቃ የያዘ ሰው ተረፈ ተባለ። ከዚያ ወዲህ «ወጪ» የሚለው ቃል ከንግግራቸው ጠፍቶ «ንብረት» ተተክቷል። አንዱ ተሳታፊ ለባለቤቱ ሌንስ ከመሬት እንደሚሻል ያስረዳት ሲሆን መሬት ስለሌላቸው ክርክሩን አሸንፏል።

የሚቀረው የአሮጌው ቦዲ ጉዳይ ነው። አሮጌው ይሸጣል፤ ማስታወቂያውም በቴሌግራም ይለጠፋል። እስከ ትናንት ድረስ ነጭ የማይወድ፣ ጨለማ የማይችል፣ ወገብ የሚሰብር የነበረው ካሜራ በማስታወቂያው ላይ «በጣም ንጹሕ፣ ብዙ ያልሠራ፣ ለሠርግ አሪፍ» ይሆናል። አምራቹ ሻተሩን ለ150,000 ፎቶ ብሎ ሠርቶታል፤ ሻጩ ስንት እንደደረሰ ሲጠየቅ «ገና ነው» ይላል፤ ቁጥር አይጠራም። ገዢው አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን ሊጀምር የተነሳ ወጣት ነው። ካሜራውን ወደ ብርሃን አዙሮ፣ ሴንሰሩን አይቶ፣ የላስቲኩን መላላጥ በጣቱ ዳብሶ «ጋሼ፣ ታዲያ ለምን ይሸጡታል?» ይላል። ሻጩም «ሥራውን ልተወው ነው፣ ልጄ» ብሎ ይመልሳል። አጥኚው በዚህ መልስ የሸጡትን ሁሉ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሠርግ ላይ፣ አዲሱን ካሜራ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው አግኝቷቸዋል።