የአርፋጅ አባት ሕግ፦ በሮቢን ዊሊያምስ የቤተሰብ ፊልሞች ላይ የተካሄደ የሶፋ ጥናት

የአሜሪካ የቤተሰብ ኮሜዲ ፊልም መነሻው ምንድን ነው? ፍቅር ነው የሚሉ አሉ። የገና በዓል ነው የሚሉም አይታጡም። ይህ ጥናት ሁለቱንም ውድቅ ያደርጋል፤ መነሻው የአባት ማርፈድ ነው። ለናሙናነት የተመረጠው እ.ኤ.አ. በ2014 በሞት የተለየን ሮቢን ዊሊያምስ ነው፤ በካሜራ ፊት እንደ እሱ ደጋግሞ ያረፈደ ተዋናይ ማግኘት ያስቸግራል። ፊልሞቹ በልጅነት ታይተዋል። ያኔ ግን አጥኚው የሚያየው ወንበዴውንና ዝሆኑን ብቻ ስለነበር መረጃው ለሳይንስ አልበቃም። አሁን በአባትነት ዕድሜ እንደገና ታይተዋል።

ስቲቨን ስፒልበርግ በ1991 በሠራው «ሁክ» ዊሊያምስ ከሥራው መላቀቅ ያቃተው ጠበቃ ነው፤ ስሙ ፒተር ባኒንግ። ልጁ ጃክ ቤዝቦል ይጫወታል፣ አባት እመጣለሁ ብሏል። በእሱ ፈንታ የመሥሪያ ቤቱ ሰው ቪዲዮ ካሜራ ይዞ ይመጣል፤ ጠበቃው ራሱ ሲደርስ ጨዋታው አልቋል። ቅጣቱ ምንድን ነው? ልጆቹ በባሕር ወንበዴ ተጠለፉ። ካፒቴን ሁክ (ደስቲን ሆፍማን) ደግሞ ጃክን ለማባበል ወርቅም ከረሜላም አልመረጠም። የቤዝቦል ጨዋታ አዘጋጀለት፤ መርከበኞቹን በሙሉ ለዚሁ አሰማራ።

እዚህ ላይ ንጽጽራዊ ማስታወሻ ያስፈልጋል። በእኛ አገር አባት በትምህርት ቤት ግቢ ከታየ ልጁ «ወላጅ አምጣ» ተብሏል ማለት ነው። ኳስ ሊያይ መጣ ቢባል ሰፈሩ አያምንም፤ ልጁም ከደስታ ይልቅ በድንጋጤ ፔናሊቲ ይስታል። ባኒንግ በእኛ መመዘኛ ደህና አባት ነው፣ ያውም ካሜራ የላከ።

በ«ጁማንጂ» (1995) የማርፈዱ መጠን ይጨምራል። አለን ፓሪሽ በ1969 በአዳሪ ትምህርት ቤት ጉዳይ ከአባቱ ጋር ተጣልቶ በመጫወቻ ሰሌዳ ተውጦ ይቀራል፤ የሚወጣው ከ26 ዓመት በኋላ ነው። ጺሙ አድጎ ሲመለስ አባቱ ሞቷል፣ የጫማ ፋብሪካውም ተዘግቷል። ጠመንጃ ይዞ የሚያሳድደው አዳኝ ቫን ፔልትና የአለን አባት በአንድ ተዋናይ፣ በጆናታን ሃይድ፣ መሠራታቸው በልጅነቱ እይታ አልተመዘገበም። በአሁኑ ሲመዘገብ አጥኚው ፊልሙን አቁሞ የልጁን የቤት ሥራ ሊያይ ሄዷል።

«ፍላበር» (1997) ላይ መቆየት አያስፈልግም። ፕሮፌሰሩ ሁለት ጊዜ የቀረበትን የገዛ ሠርጉን ለሦስተኛ ጊዜ ይረሳል፤ አረንጓዴ የሚነጥር ነገር ስለፈለሰፈ በስተኋላ ይቅር ይባላል። ሽማግሌ መላክ በማይታወቅበት አገር ብቻ የሚሆን ነው።

በ2006ቱ «አርቪ» አባት ቤተሰቡን ሃዋይ ሊወስድ ቃል ገብቶ፣ የሥራ ስብሰባ ስላለበት ምክንያቱን ደብቆ በኪራይ የመኖሪያ መኪና ወደ ኮሎራዶ ይነዳቸዋል። እዚህ ልጅ የሚጠልፍ ወንበዴ የለም፤ የመኪናው የሽንት ቤት ታንክ አባትየው ላይ ይፈነዳል። በ15 ዓመት ውስጥ ከባሕር ወንበዴ ወደ ሽንት ቤት ፍሳሽ የተደረገው ሽግግር የበጀት ይሁን የፍልስፍና ጉዳይ ለሌላ አጥኚ ይተዋል።

ሕጉን የሚፈታተነው ክሪስ ኮሎምበስ በ1993 ያዘጋጀው «ሚሲስ ዳውትፋየር» ነው። ዳንኤል ሂላርድ ጭራሽ ከሚገባው በላይ ቤት የሚገኝ አባት ነው፤ ለልጁ ልደት ሳን ፍራንሲስኮ ያለውን ቤቱን በከብት ይሞላዋል። ሚስቱ ትፈታዋለች፣ ፍርድ ቤትም ልጆቹን ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ እንዲያይ ይወስናል። እሱም ዊግና ቀሚስ አድርጎ፣ አሮጊት ሞግዚት ሆኖ በገዛ ልጆቹ ቤት ይቀጠራል። ከዚያ በኋላ ሰዓት ያከብራል፣ ያበስላል፣ ልጆቹን ከቴሌቪዥን አስነስቶ የቤት ሥራ ያሠራል። ሜካፑ ኦስካር አግኝቷል፤ ለአባትነቱ የሚሰጥ ዘርፍ አልነበረም።

ባልና ሚስቱ በመጨረሻ አይታረቁም። ያኔ ይህን ያየ ሁሉ ካሴቱ የተቆረጠ መስሎት ነበር። አዲሱ ስምምነት ግን ዳንኤል ከትምህርት ቤት በኋላ በየቀኑ ልጆቹን እንዲወስድ ይፈቅዳል። ስለዚህ ከናሙናው አባቶች በየቀኑ በሰዓቱ የሚደርሰው የተፈታው ብቻ ነው። ግኝቱ ለአጥኚው ባለቤት ገና አልቀረበም።