የኦዲተሩ ቁልቁለት

ኦስሎ በሰሜን ጫካ፣ በደቡብ ባሕር የያዛት ከተማ ስትሆን፣ ብዙዎቹ የአውሮፓ ዋና ከተሞች የሌላቸው አንድ ጸጋ አላት፤ ይኸውም ነዋሪዋ በበረዶ ወራት ለመጫወት ወደ ጫካ ሲሄድ መኪና ማስነሣት ሳያስፈልገው፣ ጎረቤቱ ቢሮ በሚገባበት የከተማ ባቡር ተሳፍሮ መድረስ መቻሉ ነው። ከመሀል ከተማ፣ ከምድር በታች የሚነሣው ቁጥር አንድ ባቡር ወደ ብርሃን ከወጣ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ዳገቱን ሲገፋ ይቆይና፣ ከባሕር ጠለል በላይ 469 ሜትር ላይ በምትገኘው በፍሮግነርሴተረን ጣቢያ ጉዞውን ይጨርሳል። መስመሩ እ.ኤ.አ. በ1898 ሲከፈት የሚደርሰው እስከ ሆልመንኮለን ሰፈር ብቻ ነበር፤ እስከ ጫካው አፋፍ የተቀጠለው በ1916 ነው። በጥር ወር ቅዳሜ ቀን በዚህ ባቡር ቆሞ የሚሄድ እንግዳ፣ ከጎኑ ያለው ሰው የያዘው ረጅም ነገር ጃንጥላ ሳይሆን የበረዶ መንሸራተቻ ዘንግ፣ እግሩን የሚጫነውም ሻንጣ ሳይሆን ሼልከ መሆኑን ለመልመድ ጥቂት ጣቢያዎች ይበቁታል።

ሼልከ ማለት ከሥሩ ሁለት መንሸራተቻ ያለው፣ ሞተርም ፍሬንም የሌለው፣ ሰው ተቀምጦበት በበረዶ ላይ ቁልቁል የሚወርድበት ዝቅተኛ መቀመጫ ነው። አንዳንዱ መሪ ተገጥሞለታል፤ የሌለው ደግሞ በተቀማጩ ተረከዝ ይመራል፣ ማለትም ወደ ቀኝ መታጠፍ የፈለገ የቀኝ ተረከዙን በረዶው ውስጥ ይተክላል፣ ሁለቱንም የተከለ ይቆማል፣ አንዱንም ያልተከለ ግን የት እንደሚቆም የሚወስንለት ሌላ አካል ነው። አሠራሩ ይህን ያህል ቀላል በመሆኑ ሕፃናት በአንድ ቀን ይለምዱታል፤ አዋቂዎች፣ በተለይም በሥራ ዘመናቸው ሌላው ሲታጠፍላቸው የኖሩ አዋቂዎች፣ ትምህርቱን ለመቀበል ጊዜ ይወስድባቸዋል።

መውረጃው ኮርከትረከረን ይባላል፤ የቡሽ መንቀያ እንደማለት ነው። ከፍሮግነርሴተረን አጠገብ ይነሣና በጥድ ዛፎች መካከል እየተጠማዘዘ ሚድትስቱን እስከሚባለው ጣቢያ ድረስ 2000 ሜትር ያህል ይወርዳል፤ በዚህ ርቀት 255 ሜትር ዝቅ ስለሚል፣ በየመቶ ሜትሩ ከ12 ሜትር በላይ መውደቅ አለ ማለት ነው፤ መውደቅ የሚለው ቃል እዚህ ላይ የምህንድስና ትርጉሙን ብቻ ይዞ ይቆይ። እታች የደረሰው ሰው ሼልከውን ተሸክሞ በዚያው ባቡር ተመልሶ ሩብ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ እላይ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1952 ኦስሎ የክረምት ኦሊምፒክን ስታዘጋጅ የቦብስሌይ ውድድር የተካሄደው በዚሁ ቁልቁለት ላይ ሲሆን፣ ቦብስሌይ ማለት ሁለት ወይም አራት ሰዎች በአንድ ሼልከ ታጭቀው በረዶ በተነጠፈበት ቦይ ውስጥ የሚወረወሩበት ስፖርት ነው። በአራት ሰዎቹ ውድድር ያሸነፉት ጀርመኖች በአንድነት 472 ኪሎ ግራም ይመዝኑ ነበር። የአየር ተቃውሞ ከባዱንም ቀላሉንም እኩል ስለሚገታ፣ ከባዱ ግን ለተቃውሞው እምብዛም ግድ ስለማይሰጠው፣ በቁልቁለት ላይ ክብደት ራሱ ሞተር ይሆናል፤ ጉዳዩን የታዘበው ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንም ከዚያ በኋላ የቡድኖችን ክብደት በደንብ ገድቧል። ደንቡ በግል መንገደኞች ላይ እንደማይሠራ ከዚህ በታች ይታያል።

በአንድ የጥር ቅዳሜ በዚህ ቁልቁለት አናት ላይ ከቆሙት መካከል፣ የእህታቸውን ልጅ ለመጠየቅ ከአዲስ አበባ የመጡ አንድ ጡረተኛ ኦዲተር ነበሩ። የለበሱት ጥቁር ካፖርት፣ ያሰሩት ከረቫት፣ የተጫሙት ደግሞ የተወለወለ የቆዳ ጫማ ሲሆን፣ ጫማው ዕድሜው እንዲረዝም ታኮው ላይ ብረት ተመትቶበታል። የእህታቸው ልጅ፣ «ጋሼ፣ በዚህ ጫማ?» ብላ ብትጠይቅ፣ «ምን ሆነ? ሰው ፊት የሚወጣበት ጫማ ነው» ብለው መልሰዋል። እሳቸውን ያሳሰባቸው ሌላ ነበር። ወደ መውረጃው የሚያስገባ በር፣ ትኬት የሚቆርጥ ሰው፣ የገንዘብ መቀበያ መስኮት ቢፈልጉ ሊያገኙ አልቻሉም።

በእርግጥም አልነበረም። ሰው የሚከፍለው ሼልከ ለመከራየት ነው፤ ቁልቁለቱ ግን የሁሉም ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 የወጣው የኖርዌይ ሕግ ማንም ሰው ባልታረሰ መሬት ላይ በእግሩ እንዳሻው እንዲዘዋወር ይፈቅዳል፣ እርሻውም ቢሆን በበረዶ ተሸፍኖ ሳለ ለአላፊ አግዳሚው ክፍት ነው። የእህታቸው ልጅ ይህን ስታስረዳ ኦዲተሩ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ካሰቡ በኋላ፣ «ታዲያ ሒሳቡን የሚመረምረው ማነው?» ሲሉ ጠየቁ። የሚመረመር ሒሳብ አለመኖሩን ሲረዱ ቁልቁለቱ ላይ ያላቸው እምነት እጅግ ቀነሰ።

ነገሩ ለአበሻ የሚሆን አይደለም ብለው ሊመለሱም ዳድቷቸው ነበር። ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 በቱሪን ኢትዮጵያን ወክሎ በአገር አቋራጭ የበረዶ ሸርታቴ መወዳደሩን የእህታቸው ልጅ ብታስታውሳቸው፣ «እሱ በእግሩ ቆሞ ነው የሄደው» የሚል ክርክር የማይገጥመው መልስ ሰጡ። በመጨረሻ ያሸነፋቸው ክርክር አልነበረም። አምስት ዓመት የሆነው የእሷ ልጅ፣ መሪ ባለው ትንሽ ሼልከ ላይ ተቀምጦ «አባባ፣ ፈሩ እንዴ?» አለ፤ ይህን የሰማ ትልቅ ሰው ከዚያ በኋላ የሚመርጠው ነገር የለውም። ሄልሜቱን ከአገጫቸው ሥር አሰሩ፣ ካፖርታቸውን ሰብስበው ተቀመጡ፣ እንደ ስብሰባ መሪም ጎናቸውን አስተካከሉ።

የመጀመሪያዎቹ ሃምሳ ሜትሮች በሥነ ሥርዓት አለፉ። ከዚያ የመጀመሪያው ኩርባ መጣ። ልጁ ከፊት ሆኖ «ተረከዝ! ተረከዝ!» እያለ ይጮኻል፣ እሳቸውም በታዘዙት መሠረት ተረከዛቸውን ተከሉ፤ ይሁን እንጂ በአዲስ አበባ አስፋልት ላይ ታኮውን ለዓመታት ከመበላት ያዳነው ብረት በበረዶ ላይ ሲያርፍ ራሱ መንሸራተቻ በመሆኑ፣ ሼልከው ሁለት የነበሩት መንሸራተቻዎች አራት ሆኑለት። የጀርመኖቹ ቡድን ያረጋገጠው የክብደት ሕግም ያለ ገደብ ሥራውን ጀመረ። ኦዲተሩ በወሰዱት አቅጣጫ ጸንተው፣ ኩርባውን ለሌሎች ትተው፣ በመንገዱ ዳር የተቆለለው ለስላሳ በረዶ ውስጥ እስከ ከረቫታቸው ገቡ።

እዚያ ሳሉ አንድ ሰው በፍጥነት ሲያልፍ «ጎር ደ ብራ?» አላቸው፤ ደህና ነዎት ወይ ማለት ነው። ኖርዌጂያውያን ከማያውቁት ሰው ጋር አይነጋገሩም እየተባለ ይታማሉ፣ በቁልቁለት ላይ ግን ይህን ጥያቄ ሳይጠይቁ ማለፍ ነውር ይመስላል። ኦዲተሩ በልጅነታቸው የተማሩት ሰላምታ በአንድ ቃል የሚያልቅ ስላልሆነ፣ ከበረዶው ውስጥ ሄልሜታቸውን ከፍ አድርገው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ እንዴት ከርመዋል፣ ቤተሰብ ደህና ነው?» ብለው ሲጨርሱ፣ ጠያቂው ሦስት ኩርባ ርቆ ነበር። ከእሱ ቀጥሎ ፀጉራቸው የነጣ አንዲት ሴትዮ፣ ዕድሜያቸው ከኦዲተሩ የሚበልጥ እንጂ የማያንስ፣ ያንኑ ጥያቄ ጠይቀው አለፉ። ለእሳቸውም ያው ሙሉ መልስ ተሰጠ። ሦስተኛው ጠያቂ ሲመጣ ግን ኦዲተሩ አውራ ጣታቸውን ብቻ አነሡ፤ ከሀገሩ ጋር መላመድ የሚጀምረው እንዲህ ነው።

ወደ ታች ባለው ግማሽ መንገድ ላይ የሆነውን ግን በጫማና በክብደት ብቻ ማስረዳት አይቻልም። የአዲስ አበባ ዳገታማ ሰፈሮች ልጆች ከአሮጌ መኪና በተገኘ ኩሽኔታ ላይ ጣውላ መትተው ቁልቁለቱን ሲጋልቡ ኖረዋል፤ ያ ጋሪም እንደ ሼልከው ፍሬን አልነበረውም፣ ኩርባ ላይም ሰውነትን ወደ ውስጥ ካላዘነበሉበት ባለቤቱን ይጥል ነበር። ኦዲተሩ ይህን ጥበብ የተዉት እናታቸው ጋሪውን ለምድጃ ማገዶ ባደረጉበት ዕለት ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ኦዲተር ሆነው በኖሩበት ዘመን ሁሉ አላስፈለጋቸውም። አሁን ግን ጭንቅላታቸው ሳይጠየቅ ጎናቸው ኩርባውን አስቀድሞ አዘነበለ። ቀጣዩም ኩርባ እንደዚያው ታለፈ። የእህታቸው ልጅ ከኋላ ሆና የሰማችው ድምፅ በመጀመሪያ የድረሱልኝ ጩኸት መስሏት ነበር፤ ቀረብ ስትል ግን የሰፈር ልጆች መንገድ ለማስለቀቅ የሚጮኹት «ዞር በል!» የሚለው ቃል ሆኖ አገኘችው፣ ኖርዌጂያውያኑም ትርጉሙን ሳያውቁ ዞር ይሉ ነበር።

ሚድትስቱን ሲደርሱ ካፖርታቸውን አራገፉ፣ ከረቫታቸውን አቃኑ፣ አንድ የጠፋ ቁልፍ መኖሩን ተገነዘቡ፣ ከዚያም ማስታወሻ ደብተራቸውን አወጡ። ባቡሩን የተሳፈሩበት ትኬት የ24 ሰዓት ነው፤ ሼልከውም ለቀኑ ነው የተከራየው። ሁለቱ ወጪዎች ተደምረው ለአንድ መውረድ ከተካፈሉ ዋጋው ፍጹም የማይደገፍ ብክነት ይሆናል፣ ለሁለት ቢካፈሉ ግማሽ፣ ለአምስት ቢካፈሉ አንድ አምስተኛ ብቻ ይደርሳል፤ ስለዚህ በሕዝብም ሆነ በግል ገንዘብ አጠቃቀም መርሕ መሠረት እንደገና ወደ ላይ መውጣት ግዴታ ነው ሲሉ ለእህታቸው ልጅ አብራሩላት። ደስታ የሚል ቃል በማብራሪያው ውስጥ አንድም ጊዜ አልተነሣም።

ፀሐይዋ አሥር ሰዓት ገደማ ጠልቃ መውረጃውን የሚያበሩት መብራቶች በርተው ሳለ፣ ልጁ በባቡሩ ወንበር ላይ እያንጎላጀ ቤት እንሂድ ማለት ጀመረ። የእህታቸው ልጅ፣ «ጋሼ፣ ልጁ ደክሞታል፣ በቃ ዛሬ እንመለስ» አለቻቸው። ኦዲተሩ ደብተሩን ተመልክተው፣ «ልጁን ይዘሽ ግቢ፤ የእሱን ሼልከ ግን እዚህ ተዪልኝ» አሉ፤ «መሪ ያለው እሱ ነው፣ ኪራዩም ገና አላለቀም።»