ሙሉ በሙሉ በልጆቻችን

አፕ ሲመረቅ አንድ ንግግር አይቀርም፦ «ከዜሮ ተነሥተን፣ ሙሉ በሙሉ በልጆቻችን ያሠራነው ነው!» ጭብጨባው ይከተላል። ከሞያሌ ወደ ኬንያ ገባ ብሎ ባለው የቦረና አገር፣ ኦቦ ላይ፣ አንድ ማኅበር በአንድ ልጅ ያሠራው የከብት ዋጋ የሚያሳይ አፕ ሲመረቅም ይኸው ተባለ።

ልጁ ጎበዝ ነው፤ አይካድም። ዜሮው ግን የቱ ጋ እንደነበር ብንፈልገው አናገኘውም። አፑ የቆመው ጉግል በለቀቀው በፍላተር ላይ ነው። ዋጋው የሚቀመጠው በኤስኪውላይት ነው። አማርኛው የሚነበበው በአቢሲኒካ ኤስአይኤል ፎንት ነው። ለአንዱም ሳንቲም አልተከፈለም። አብዛኞቹ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ ስማችንንና የፈቃዱን ጽሑፍ ከአፑ ጋር አስቀምጡ። የኤስኪውላይት ጸሐፊ ሪቻርድ ሂፕማ ይህንንም አልጠየቀም፤ ሌላው ላይሰንስ በሚጽፍበት ቦታ ምርቃት ጽፎ አለፈ። ጂፒኤል የሚባለው ፈቃድ ኮስተር ይላል፤ እኔን ከፕሮግራምህ ጋር ቀላቅለህ ካደልክ ሶርስ ኮድህን ለተቀባዩ ስጥ ባይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ራውተር አምራቹ ሊንክሲስ የራውተሩን ኮድ የለቀቀው በዚህ ተይዞ ነው። የፎንቱ ፈቃድ ደግሞ «ከቀየርከኝ በስሜ አትጥራኝ» ይላል፤ እኛ ዘንድ ፎንቱን ሳይነኩ ስሙን ብቻ የሚቀይሩ አሉ።

ለቦረና ይህ እንግዳ ሕግ አይደለም። የዱብሉቅን ጥልቅ ጉድጓድ ያየ ያውቀዋል። ውሃው አይሸጥም፤ ጉድጓዱ ግን የማን ጎሳ እንደሆነ ይታወቃል፣ ተራ አለው፣ ተራውን የሚያስከብር አባ ሄሬጋ አለ። ከብቱን አጠጥቶ ሲያበቃ «ይህን ጉድጓድ ከዜሮ የቆፈርኩት እኔ ነኝ» የሚል ሰው ቢመጣ፣ ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ ፀሐይ መትቶት እንደሆነ ነው የሚጠይቁት።

የሚገርመው፣ ልጁ ግዴታውን ተወጥቶ ነበር። ፍላተር አፑ የተጠቀመባቸውን ፓኬጆች ስምና ፈቃድ ለቅሞ የሚያሳይ ገጽ አዘጋጅቶ ይሰጣል፤ ገጹን መጥራት አንድ መስመር ኮድ ነው። ከምረቃው በፊት የማኅበሩ ሰብሳቢ ስልኩን ተቀብለው ዝርዝሩን ወደ ታች ገፉ። ገፉ፣ ገፉ፣ አላልቅ አለ።

«እነዚህ ሁሉ እነማን ናቸው?»

«ኮዱን የጻፉ ሰዎች ናቸው፣ ጋሼ።»

«የሠራኸው አንተ አይደለህም እንዴ? ነገ መጥተው ገንዘብ ቢጠይቁንስ? በል አጥፋው!»

ጠፋ። እስከዚያች ደቂቃ ሕጋዊ የነበረው አፕ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ፈቃድ ጣሰ። ሰብሳቢው ክስ ፈርተው ክሱን ራሳቸው ጠሩት።

የዝርዝሩ ሰዎች እንደሆነ ሲጠየቁ እንጂ ሲጠይቁ ብዙም አይታዩም። ስዊድናዊው ዳንኤል ስቴንበርግ የጻፈው ከርል የሚባል ኮድ በብዙ መኪና ስክሪን ውስጥ ይሠራል። ላይሰንሱ ላይ ኢሜይሉ ስላለ፣ የመኪናቸው ስክሪን ያስቸገራቸው ሰዎች እንዲጠግንላቸው ይጽፉለታል። ሰውየው መኪና ሠርቶ አያውቅም።

ወደ አፑ ልመለስ። ከግርጌው በሦስት ቋንቋ «መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው» ይላል። እውነት ነው፤ የኬንያ የ2001 (እ.ኤ.አ.) የቅጂ መብት ሕግም፣ የእኛ አዋጅ ቁጥር 410/1996ም የኮምፒውተር ፕሮግራምን ይጠብቃሉ። የማንን መብት እንደሚጠብቁ ማኅበሩ አልጠየቀም። የዝርዝሩ ገጽ በነበረበት ቦታ አሁን «ልዩ ምስጋና» የሚል ገጽ ገብቷል፦ ድንኳን ላዋሱት፣ ጄኔሬተር ላመጡት፣ ለምረቃው ፍየል ለሰጡት፣ ማይክ ለያዘው፣ በመጨረሻም ለሰብሳቢው። ከአምስቱ አራቱ አፑን ከፍተውት አያውቁም። አምስተኛው አንድ ቀን ከፍተውታል፤ የዚያን ቀን ነው ዝርዝሩ የጠፋው።