የ40 ነጥብ ሚስት

ደብረ ታቦር ውስጥ ድንገት የሚስቱ እንግሊዝኛ የሚያሳስበው ባል ካያችሁ ፍቅር አገረሸበት ብላችሁ አትቸኩሉ። ሰውየው የካናዳ ፕሮሰስ ጀምሯል።

አንድ የማውቀው መሐንዲስ እስከ ትናንት «አንቺ ደግሞ ምን ታውቂያለሽ» ሲል ኖሮ፣ ዛሬ ወጡ ገና ሳይወጣ «ሪዲንጉን ጨረስሽው?» ይላል። ነገሩ ወዲህ ነው። ካናዳ ባለሙያ በነጥብ በምትመርጥበት በኤክስፕረስ ኢንትሪ ሂሳብ ላጤ በዕድሜው፣ በትምህርቱ፣ በቋንቋውና በካናዳ የሥራ ልምዱ እስከ 500 ነጥብ ይደርሳል። ሚስቱን ይዞ የሚሄድ ግን ለራሱ ጣሪያው 460 ነው፤ ቀሪዋ 40 በእሷ እጅ ናት፦ 20 ለቋንቋ፣ 10 ለትምህርት፣ 10 ለካናዳ ሥራ ልምድ። የመጨረሻዋ 10 ገሳይ ተወልዳ ደብረ ታቦር ለተዳረች ሴት የማትታሰብ ናት።

ትምህርቱ ላይ ነው የባሰው። 12ኛ ክፍል ጨርሳ «ልቀጥል» ስትለው «ቤቱን ማን ይይዛል?» ያለው እሱው ነው። 12ኛ ክፍል 2 ነጥብ፣ ዲግሪ 8 ነጥብ መሆኑን ሲሰማ ራሱን ያዘ። ለስንት ዓመት ያልቆጨው በ6 ነጥብ ቆጨው።

ፎርሙን ሊያስሞላ ኮፒ ቤት ሲቀመጥ አጠገቡ ነበርኩ።

«የባለቤትዎ የልደት ቀን?» አለችው ጸሐፊዋ።

ኮርኒሱን አየ።

«የተጋባችሁበትስ?»

«ጥር ነው… አስተርዮ አካባቢ።»

«ዓመቱን?»

«ድግሱ ትልቅ ነበር።»

ልጅቷ ጣቷን ከኪቦርዱ አነሳች። «ጋሼ፣ ባለቤትዎ ናቸው ወይስ ተከራይዎ?»

ቀጥሎ ያለፉት 10 ዓመታት ታሪክ መጣ፤ ባዶ ወር አይፈቀድም። «ሥራ የላትም ብለሽ ሙይው» አላት። በዚያ «ሥራ የላትም» ውስጥ ሦስት ልጅ አድጓል፣ ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር ጠላ ተጠምቋል፣ የእሱ ሸሚዝ ተተኩሷል።

ለባለሙያ ቋሚ መኖሪያ መስጠት እኮ ለዚህ አገር አዲስ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ እዚሁ ጋፋት ላይ ሴባስቶፖልን ላሠሯቸው ፈረንጆች ነጥብ አልቆጠሩም፤ ከእነሱ አንዱ ዋልድማየር የእንግሊዛዊውን የጆን ቤልን ልጅ ሲያገባም ልጅቷ ሪዲንግ አልተፈተነችም። መግቢያው ቀላል ነበር፤ ያስቸገረው መውጫው ነው፤ እሱም የተከፈተው ሚያዝያ 1860 መቅደላ ላይ በእንግሊዝ ጦር ነው።

የእኛ ብልጦች ደግሞ «ላጤ ነኝ ብለህ ሙላና 500ውን ሙሉ ተወዳደርበት» ይመክራሉ። በፎርም የካዷትን ሚስት በኋላ በቤተሰብ ስም ልውሰዳት ሲሉ በሩ ሊዘጋ እንደሚችል፣ ሐሰት የተገኘበትም ለ5 ዓመት እንደሚታገድ ግን አብረው አይመክሩም።

ሚስትየዋም ዋጋዋን ከሰማች ወዲህ ቤቱ ተለውጧል። ድምፁ ከፍ ሲል «ሊስኒንግ እያጠናሁ ነው» ትለዋለች፤ ሰውየው ልጅ አዝሎ ወደ ጓሮ ይወጣል።

ባለፈው «ያኔ አስተምረሃት ቢሆን ኖሮ» አልኩት፣ «ምናልባት ከአንተ በልጣ ዋና አመልካች እሷ ትሆን ነበር። አንተ በእሷ ፋይል አጃቢ ሆነህ እስካሁን ቶሮንቶ ነበርክ።»

ትንሽ አሰበና ኮስተር አለ።

«በሴት ፋይልማ ካናዳው ይቅርብኝ!»